በአንድ ጊዜ፣ በየራሱ ዜማ፦ ብዙዎች አብረው የሚጫወቱበት ኮንሰርትና የሳሪስ ጆሮ

 

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ብዙ ተጫዋቾች፣ ባለሙያውም ጀማሪውም፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ የሚሰበሰቡት ግን አንድ ዜማ ለመጫወት አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ይዞ ይመጣል፤ የራሱን ያሰማል። አድማጩም ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መድረክ አያዞርም፤ በመካከላቸው እየተዘዋወረ የሚሰማውን ራሱ ይመርጣል። የሙዚቃ ጥናት ይህን ሥራ «የሙከራ ሙዚቃ» በሚለው ክፍል ይመድበዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1967 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ሚዩዚሰርከስ» ነው። ቦታው የእርሻ ትምህርት ከብቶች ለግምገማ የሚቀርቡበት ሰፊ አዳራሽ ነበር። ኬጅ ምንም ዓይነት የተጻፈ ዜማ አልሰጠም፤ ተጫዋቾችን ጠርቶ የፈለጋችሁትን በአንድ ጊዜ ተጫወቱ አለ እንጂ። ከእርሱ በፊት ቻርልስ አይቭስ የተባለው አቀናባሪ፣ አባቱ በትውልድ ከተማቸው በዳንበሪ ሁለት የማርሽ ባንዶችን የተለያየ ዜማ እያሰሙ እንዲተላለፉ ያደረገውን ሙከራ ወደ ኦርኬስትራ ሥራው አስገብቷል። በ1922 ደግሞ አርሴኒ አቭራሞቭ በባኩ ከተማ የፋብሪካ ፊሽካዎችን፣ የመርከብ ጥሩምባዎችንና መድፎችን ያሰለፈ ትርኢት አቅርቧል። ፈረንሳይ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 21 ቀን መንገዱንና አደባባዩን ሁሉ ለተጫዋች ክፍት የምታደርግበት በዓልም ከዚሁ ዘመድ ነው።

እነዚህን ስሞች የጠራሁት ተማሪዎቼ በፈተና ስለሚጠየቋቸው ነው ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኮንሰርት በሳሪስ ቢደረግ ምን ይሆናል? ሳሪስ ለዚህ ምን የሚያውቀው ነገር አለ? ምንስ አጥቷል?

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ሳሪስ ከጎተራ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ የሠራተኛና የነጋዴ መንደር ነው። በመካከሉ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ያልፋል፤ ከአደይ አበባ ጣቢያ እስከ አቦ ማዞሪያ ድረስ ቤቱ፣ ሱቁና ገበያው ተጠጋግቶ የተሠራ ነው። ማለዳ አንድ ጥግ ላይ ለቆመ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ፣ ከመስጊዶች አዛን ይሰማዋል፤ አዛኑም ከየሚናሬቱ በጥቂት ሴኮንድ እየተቀዳደመ ይደራረባል። ጥቂት ቆይቶ የታክሲ ረዳቶች «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላሉ፤ ቁራሌው በየሰፈሩ ይዞራል፤ የብረታ ብረት ሠሪው መዶሻ ይጀምራል። ኬጅ ቢመጣ የሚጨምረው ነገር አያገኝም ነበር የሚል ቀልድ ከሥራ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ቀልዱ ግማሽ እውነት አለው፤ ሌላው ግማሽ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ጆሮ እንነጋገር።

በዕድሜ የገፋን ሰዎች ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው በቄስ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ቤት አንዱ ልጅ «ሀ ሁ» ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ ንባብ ይወጣል፤ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ለእንግዳ ሰው ይህ ድብልቅልቅ ነው። የኔታ ግን ጭራቸውን ይዘው፣ አንዳንዴም ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው፣ ከወዲያኛው ጥግ ያለውን ልጅ «ወዳቂውን ለምን አነሣኸው?» ይሉታል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች ለይተው የሚሰሙት ከሌሎቹ ሁሉ ድምፅ መካከል አውጥተው ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጆቹ ሉሓቸውን ይዘው እያንዳንዱ የደረሰበትን ምዕራፍ ሲቀሩ ሼኩ የሳተውን ለይተው ያርማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊን ቼሪ የተባለው ተመራማሪ ሰው በብዙ ንግግር መካከል አንዱን ለይቶ የሚከተለው እንዴት እንደሆነ በጆሮ ማዳመጫ ፈትኖ ውጤቱን አሳትሟል። ጥናቱ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን የእኛ ትምህርት ቤት ይህን ችሎታ ለዘመናት የመምህርነት መለኪያ አድርጎት መኖሩ ነው። የየኔታ ጆሮ አንዱን ይከተላል ብቻ ብንል አይበቃም፤ ሁሉንም ይጠብቃል። ልጁም ቢሆን ከጎኑ ያለው የሚያነበው ሳያስተው የራሱን ይዞ መዝለቅን ይማራል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ በሥርዓተ ትምህርት ላይ ግን ተጽፎ አላየሁትም።

ሁለተኛው ምስክሬ ከተራ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይጓዛሉ። ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል ያሸበሽባሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከበሮ ይዘው በየቡድናቸው ይዘምራሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ ጎረምሶች ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። ዩኔስኮ በ2019 የጥምቀትን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ሲመዘግብ ብዙ ተባለ፤ ስለ ድምፁ አደረጃጀት ግን ጥቂት ነው የተባለው። አደረጃጀት የለውም የምትሉ ካላችሁ አንድ የፊዚክስ ነገር ላስታውሳችሁ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ 340 ሜትር የሚረዝም ሰልፍ ቢኖር፣ ከፊት የተመታው ከበሮ ከኋላ ለሚሄደው ሰው የሚደርሰው ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ነው። ዘማሪው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ የሚያጨበጭብ ከሆነ ፊተኛውና ኋለኛው በሁለት ምት ይለያያሉ ማለት ነው። ከአሥር ሜትር ገደማ በላይ የተራራቁ ተጫዋቾች እንኳ በጆሮ ብቻ ፈጣን ምትን አብረው መያዝ ይቸገራሉ። ስለዚህ ረጅም ሰልፍ ቢፈልግም እንኳ አንድ የመዘምራን ቡድን ሊሆን አይችልም፤ በተፈጥሮ ሕግ ወደ ብዙ ክቦች ይከፈላል። ከተራ ይህን ሕግ አይታገለውም። እያንዳንዱ ክብ የራሱን ከበሮ ይሰማል፤ በክቦቹ መካከል ክፍተት ይተዋል። ሁለት ሰልፎች በመንታ መንገድ ሲገናኙ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ወይም ተከታትለው ይሄዳሉ። ሁሉንም የሚሰማው አንድ ሰው የለም፤ ካለም በሰልፉ መካከል እየተጋፋ የሚያልፈው መንገደኛ ነው። እርሱም እየሄደ ስለሆነ አንዱ ዜማ ሲደበዝዝ ሌላው እየጎላ ይቀበለዋል።

ከኬጅ ጋር ያለንን ልዩነት ልብ በሉ። በኬጅ አዳራሽ ተጫዋቾቹ የተሰበሰቡት አድማጭ እንዲዘዋወር ነው፤ ለአድማጭ ሲባል የተፈጠረ ድብልቅ ነው። በከተራ አድማጭ የሚባል ወገን የለም። ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው ሌላ ሥራ፣ ምስጋናና አገልግሎት፣ ስለሚሠራ ነው። በቄስ ትምህርት ቤቱም ልጆቹ አብረው የሚያነቡት እንዲያምር ተብሎ ሳይሆን ቤቱ አንድ፣ መምህሩም አንድ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ከተራን «የሙከራ ኮንሰርት» ብዬ አልጠራውም፤ እንዲህ ብሎ መጥራት ዓላማውን መንጠቅ ይሆናል። የምለው በከተራ የተገራ ጆሮ ለሙከራ ኮንሰርት ባዳ አይሆንም ነው።

እዚህ ላይ «አብሮ መጫወት» የምንለውን ቃል መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ታሪክ ሌላ ትርጉም የሰጠው አንድ ትልቅ ሥራ አለና።

እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። መሥራቹ ግብፃዊው አቀናባሪ ሀሊም ኤል-ዳብ በወቅቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በነገራችን ላይ እኚህ ሰው በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀርጸው፣ ድምፁን በስቱዲዮ ለውጠው የሠሩት ሥራ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የሙከራ ሙዚቃ ከምዕራብ ብቻ የመጣ የሚመስላቸው ተማሪዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ኤል-ዳብ ከሄዱ በኋላ ከ1966 እስከ 1975 ኦርኬስትራውን የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። በ1969 አባላቱ በአሜሪካ ተዘዋውረው ተጫውተዋል።

ኦርኬስትራው ያደረገው ምንድን ነው? የተለያዩ የአገር መሣሪያዎችን፣ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታን፣ መለከትንና ከበሮን አንድ ላይ አስቀመጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋሽንትና እምቢልታ ተቆርጠው ሲሠሩ ድምፃቸው የተወሰነ ነው፤ ዋሽንት ነፊው የተለያየ ቁመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረውም ስለዚህ ነው። ክራርና መሰንቆ ግን ለዘፋኙ ጉሮሮ የሚቃኙ ናቸው። እነዚህ አብረው አንድ ዜማ ይጫወቱ ከተባለ አንዱ ለሌላው መቃኘት፣ አንዱ ሌላውን መጠበቅ አለበት፤ የሚጀምርና የሚያቆም መሪም ያስፈልጋል። ውጤቱ አዲስ ነገር ነበር፤ ዛሬ በየባህል ምሽት ቤቱ የምናየው የመሣሪያዎች ስብስብ ብዙው ነገሩ ከዚያ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋጋም ነበረው። አንድ ላይ መሆን ማለት አንድ ቅኝት፣ አንድ ምት፣ አንድ መሪ ማለት ነው የሚል አስተሳሰብ በመድረካችን ላይ ጸና። ከዚያ ወዲህ የየብሔረሰቡን ዜማ «በአንድ መድረክ» ስናቀርብ ያደረግነው ሁልጊዜ ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ በተራ አሰልፈናቸዋል፤ ወይ በአንድ ቅንብር ውስጥ ቀላቅለናቸዋል። እያንዳንዱ የራሱን እንደያዘ በአንድ ጊዜ ቢሰማስ የሚል ሦስተኛ መንገድ በመድረኩ ላይ አልታሰበም። የሚገርመው ይህ መንገድ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ራሱ ነበር። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ነፊዎች ተራርቀው ሳይሆን እየተቀባበሉ፣ አንዱ በተወው ክፍተት ሌላው እየገባ ነው ዜማው የሚወጣው። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች የሚዘፍኑት ባለ ብዙ ድምፅ ዜማም፣ ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ ቀርጾ ያሳተመው፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ሳይዋዋጥ የራሱን መስመር የሚይዝበት ነው። ዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ከገቡ ትውልዶች አልፈዋል። ዜማቸው ግን ወደ ከተማው መድረክ የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዘፋኝና በኪቦርድ ተቃኝቶ ነው።

አሁን ሳሪስ ወዳጣችው ነገር ልመለስ። በጎ ፈቃዳችሁ ከሆነ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ሜዳ ላይ ከድምፅ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ዘማሪ በአንድ ሜትር ርቀት 70 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። በ32 ሜትር ላይ ድምፁ ወደ 40 ይወርዳል። ስለዚህ በሠላሳ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ክቦች አንዱ ሌላውን ሳይውጥ አብረው መዘመር ይችላሉ። አሁን በጭነት መኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ አምጡ፤ በአንድ ሜትር 110 ዴሲቤል ቢያወጣ በ32 ሜትር ላይ 80 ነው። ከዘማሪው ፊት ለፊት በአንድ ሜትር ላይ የቆመ ሰው እንኳ ከዘማሪው ይልቅ የሚሰማው ሠላሳ ሁለት ሜትር ርቆ ያለውን ማጉያ ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለተኛው ክብ ያለው ምርጫ ዝም ማለት ወይም የራሱን ማጉያ ማምጣት ነው። በከተማችን የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ይህን የምለው አንድን እምነት ወይም አንድን ንግድ ለመውቀስ አይደለም፤ ሙዚቃ ቤቱም፣ የልብስ ቅናሽ የሚያስተዋውቀው ሱቅም፣ የሠርግ ድንኳኑም፣ የአምልኮ ቦታውም ተመሳሳይ መንገድ ይዘዋል። እያንዳንዱ ያጎላው ሌላው ስላጎላ ነው።

ሕግ የለም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አዋጁ የታተመበት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ሕዝብ ለመሰብሰብ ይጎሰም ከነበረው ነጋሪት መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን የሕጉ ቋንቋ የሚጠይቀው «ምን ያህል ጮኸ?» ብሎ ብቻ ነው። «ማንን ዋጠ?» ብሎ አይጠይቅም። የእኔ ጥያቄ ይኸኛው ነው። ቀደም ሲል ሳሪስ ራሱ ኮንሰርት ነው ያለው ቀልድ ግማሽ እውነት ነው ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ብዙ ድምፅ መኖሩ እውነት ነው፤ ድምፆቹ እርስ በርስ መሰማማታቸው ግን ቀርቷል።

ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎቻችን አንድ የሙከራ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሳሪስ አንድ ክፍት ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለአርባ ደቂቃ። ክራር ተጫዋቹ፣ የዋሽንት ነፊው፣ የማርሽ ባንድ ጡረተኛው፣ የመንዙማ ቡድኑ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ጊታር የሚለማመዱ ጎረምሶች፣ በእንዝርት ላይ ሆነው የሚያንጎራጉሩ እናቶች፣ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የራሱን ይዞ ይምጣ። በቡድኖቹ መካከል ሠላሳ ሜትር ያህል ይኑር። ድምፅ ማጉያ አይግባ፤ ይህ ብቸኛው የማይታለፍ ደንብ ነው። መሪ አይኑር፤ ሁሉም በሰዓት ይጀምር፣ በሰዓት ያቁም። ተማሪዎቹም የድምፁን መጠን በየነጥቡ እየለኩ፣ አድማጮች የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆሙና ከየትኛው እንደሚሸሹ ካርታ ይሥሩ። ሁለት ዜማ እኩል በሚሰማበት መካከለኛ ቦታ ሰው ይቆማል ወይስ ፈጥኖ ያልፋል? እኔ ይቆማል የሚል ግምት አለኝ፤ ልኬቱ ይፍረደን።

ሐሳቡን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ባማክር ከሁሉ በፊት የተነሣው ጥያቄ ግን እኔ ያልጠበቅሁት አልነበረም ማለት አልችልም። «የዕድሩ ጡሩንባ ነፊስ ይገባል?» የሚል ነበር። ጡሩንባው በሳሪስ ውስጥ ካሉት ነፋስ መሣሪያዎች ሁሉ ሩቅ የሚሰማው ነው፤ ነፊውም ሙያውን ያውቃል። ነገር ግን ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። በኮንሰርቱ መካከል ቢነፋ አንዲት እናት ሥራዋን ጥላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ጆን ኬጅ ድምፆች ሁሉ እኩል ናቸው፣ ድምፅን ከትርጉሙ ነፃ አውጥተን እንስማው ይል ነበር። በሳሪስ ይህ አያስኬድም። ጡሩንባው ቃል ነው፤ ደወሉም፣ አዛኑም እንዲሁ። ሰው የሚነሣባቸውና የሚሄድባቸው ድምፆች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ጡሩንባው አይግባ አሉ፤ እኔም ተስማማሁ። ከተስማማሁ በኋላ ግን ድንበሩ የት እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

ምክንያቱም የቁራሌው ጥሪም ቃል ነው። አሮጌ ዕቃ እገዛለሁ ማለት ነው፤ እንጀራው ነው። በዜማ ረገድ ከሰፈሩ ድምፆች ሁሉ የምወደው የእርሱን ነው፤ በሜዳው ላይ ቢዞር ግን አንዲት ሴት የተሰበረ ባልዲ ይዛ ብትወጣ አድማጭ ናት ወይስ ደንበኛ? የታክሲ ረዳቱንም ብንጋብዘው ቃሊቲ ልሄድ ነው ብሎ የሚመጣ መንገደኛ አይጠፋም። እነርሱን አንጋብዝ ካልን ደግሞ ኮንሰርቱ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ብቻ የሚሰሙበት ይሆናል፤ ይህም ሳሪስ አይደለም። ከጋበዝናቸው የአርባ ደቂቃ ገቢያቸውን ማን ይተካል? ተማሪ ያጠና ዘንድ ድሃ በነፃ ይጩህ ማለት አንችልም። በእኔ አስተያየት የጥናቱ በጀት ሲዘጋጅ የመጀመሪያው መስመር ይህ ክፍያ መሆን አለበት፤ መጠኑንም ፋኩልቲው ከሚወስነው እነርሱው ቢናገሩት ይሻላል። ሁለት ቁራሌዎችን አነጋግሬ ነበር፤ አንደኛው ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ከሚሆን ያ ሰዓት ይሻላል አለኝ። ሁለተኛው ማጉያ እንደማይኖር ከነገርኩት በኋላ፣ «ታዲያ እኔ እሰማለሁዋ!» አለ።

ለውይይት የተያዘው ሰዓት ስለደረሰ እዚህ ላይ ላቁም። በተለይ ስለ ጡሩንባውና ስለ ክፍያው የምትሉትን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።